የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል

(ቅዳሜ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ከተደረገ ንግግር፣ ተናጋሪው ራሱ አስተካክሎ የጻፈው)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው በቃሉ የሚያውቀው አንድ ማስታወቂያ አለ። መርካቶም ይሁን ፒያሳ፣ ጫማ ቤትም ይሁን የኤሌክትሮኒክስ መደብር፣ ከባንኮኒው ጀርባ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጠብቃችኋል፤ አንዳንዱ ሱቅ ደግሞ በደረሰኙ ግርጌ ያትመዋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» ሰላምታ የለው፣ ይቅርታ የለው፣ ምክንያት የለው። ልጅ ሳለሁ ከመንግሥት የወረደ ሕግ ይመስለኝ ነበር። ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ወረቀቱ ግን ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው። እኛም ስንሰደድ ግድግዳውን ትተን ወረቀቱን ይዘን መጣን።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ ባንክ፣ የካርድ ክፍያ ቅሬታ በሚታይበት ክፍል ለ9 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ «ከፍዬ አልደረሰኝም»፣ «ያዘዝኩት ይህን አይደለም» የሚሉ ደንበኞችን ፋይል ማየት ነበር። የሌላው አገር ሰው ለ11 ዶላር የጆሮ ማዳመጫ 3 ገጽ ጽፎ ይመጣል። የእኛ ሰው ደግሞ 400 ዶላር አጥቶ፣ 5 ወር ቆይቶ፣ እኔን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሲያገኘኝ «እንዲያው ልጠይቅህ ብዬ ነው እንጂ፣ ያለፈ ነገር ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አልፏል። በመጀመሪያው ወር ቢነግረኝ ግን ባላለፈ ነበር።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ገንዘብ የሚመለሰው በሄደበት መንገድ ነው፤ መንገዱም የሚዘጋበት ቀን አለው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ሞያተኛ ነኝ እያልኩ የተበላሁት ስለሆነ ይቆጨኛል። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ምህንድስና ይማራል፣ ላፕቶፕ ቸገረው። ከአንድ የኢንተርኔት ገበያ፣ ስሙን አልጠራም፣ ያገለገለ ላፕቶፕ በ410 ዶላር ገዛሁ። የካቲት መጀመሪያ ላይ ደረሰ። ካርቶኑ ጥሩ ሆኖ ተጠቅልሏል። ያን ጊዜ ምን አደረግሁ? ሁላችሁም የምታደርጉትን ነዋ! «ሳይከፈት ቢሄድ ይሻላል፣ ልጁም ራሱ ሲከፍተው ደስ ይለዋል» ብዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። የሚያደርስልኝ ሰው ለፋሲካ ነበር የሚሄደው። ሚያዝያ ላይ ልጁ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ 16 ጊጋባይት ነው ብለኸኝ አልነበረም? ይኼ 8 ነው የሚለው። ባትሪውም ሩብ ሰዓት አይቆይም።»

ለሻጩ ጻፍኩ። መልሱ በጣም ጨዋ ነበር፤ አዝኛለሁ፣ የመመለሻው ጊዜ ግን አልፏል አለኝ። ትክክል ነው። ቆጣሪው የተነሣው ዕቃው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእኔ በር ላይ በተቀመጠበት ቀን እንጂ ልጁ ካርቶኑን በከፈተበት ቀን አልነበረም። በካርዴ በኩል እንዳልሄድ ደግሞ የባንኩን ጥያቄ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፦ «ዕቃውን ለሻጩ ለመመለስ ሞክረዋል?» ዕቃው ያለው አዲስ አበባ። መላኪያው ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። ልጁ ዛሬም በዚያው ላፕቶፕ፣ ግድግዳ ላይ እንደሰካው ይማራል።

ስለዚህ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ዕቃ ገዝታችሁ ከሆነ፣ በደረሰበት ዕለት ክፈቱት። አብሩት፣ ቻርጅ አድርጉት፣ ካሜራውን ሞክሩ፣ የማስታወሻውን መጠን አንብቡ። ስልክ ከሆነ ሲም ካርድ አስገብታችሁ ደውሉበት፤ የቀድሞው ባለቤት መለያ ያልወጣለት ስልክ ለእናንተ ድንጋይ ነው። ከዚያ በኋላ ካርቶኑን መልሳችሁ ማሸግ ትችላላችሁ፣ ልጁ አይቀየማችሁም። ይህን አጥብቄ የምለው በሌላም ምክንያት ነው። ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ ለገዢ የሚሰጠው የገንዘብ ተመላሽ ዋስትና፣ ዕቃው መጀመሪያ ከደረሰበት አድራሻ ወደ ሌላ አድራሻ ከተላከ በኋላ አይጸናም። ይህ በደንባቸው ላይ ተጽፏል። እኛ ደግሞ የምንገዛው ግማሹ ዕቃ ሌላ አድራሻ ያለው ነው።

የኢቤይን ስም ካነሣሁ አይቀር አንዲት ታሪክ ልጨምር። ፒየር ኦሚድያር የተባለው ሰው ገበያውን በፈረንጆች አቆጣጠር 1995 ሲከፍት፣ መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር። ዋጋው 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም። ኦሚድያር ተገርሞ ገዢውን «የተበላሸ መሆኑ ገብቶሃል?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም የተበላሹ የሌዘር መጠቆሚያዎችን እንደሚሰበስብ መለሰለት። ሰው ሲያወራው እንደ ቀልድ ነው፤ በእኔ ክፍል ግን ሕግ ነበር። የተበላሸ ዕቃ መሸጥ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ደህና ነው ብሎ መሸጥ ነው። ክርክሩን የሚወስነው ዕቃው ሳይሆን በማስታወቂያው ላይ በተጻፈውና በካርቶኑ ውስጥ በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት ነው።

እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ስልኩ 90 ዶላር ነው፣ ሌላ ቦታ 300 ነው፤ ልባችን ይዘላል። ከሥዕሉ በታች በደቃቅ ፊደል «ለመለዋወጫ ወይም የማይሠራ» የሚል ተጽፏል። ያን ሳያነቡ የገዛ ሰው ቢያለቅስም የሚሰማው የለም፣ ምክንያቱም ሻጩ አልዋሸም። በአንጻሩ «መመለስ አይቻልም» ብሎ የጻፈ ሻጭ፣ ከጻፈው የተለየ ዕቃ ከላከ ያ ጽሑፍ አያድነውም። ያቺ የልጅነታችን ማስታወቂያ እዚህ ላይ አትሠራም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የማስታወቂያውን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ከተሸጠ በኋላ ገጹ ይነሣል ወይም ይቀየራል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው የእናንተ ፎቶ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚያናድደው እመጣለሁ። ዕቃው አልደረሰም፤ የዕቃውን ጉዞ በኢንተርኔት የሚያሳየው መከታተያ ግን «ደርሷል» ይላል።

አንዲት ጎረቤቴ የልብስ ስፌት መኪና አዘዘች። ብዙም የኢንተርኔት ሰው አይደለችም፣ ልጇ ነው ያዘዘላት፤ 190 ዶላር። በሳምንቱ መከታተያ ቁጥሩ «ደርሷል፣ የፊት በር አጠገብ» አለ። የፊት በሩ አጠገብ ከእንግዳ መርገጫው በቀር ምንም የለም። ጎረቤት ጠየቀች፣ የሕንፃውን ዘበኛ ጠየቀች። ሻጩ «ደርሷል ይላል፣ እኔ ምን ላድርግ፣ የሰፈርሽን ሌባ ፈልጊ» አላት። ልጇም ተስፋ ቆርጦ «እማዬ፣ ተሰርቋል፣ በቃ» አላት።

ማታ ወረቀቷን ይዛ መጣች። መከታተያውን ስከፍተው ዓይኔ የሄደው «ደርሷል» ወደሚለው አልነበረም፤ ወደ ክብደቱ ነበር። 2 አውንስ። ሁለት አውንስ ማለት ከ60 ግራም በታች ነው፣ አንድ እንቁላል ያህል። የስፌት መኪና እንቁላል አያህልም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። አታላዩ ከእናንተ ጋር አንድ ዚፕ ኮድ (የአካባቢ የፖስታ ቁጥር) ውስጥ ላለ ሌላ አድራሻ ባዶ ፖስታ ይልካል። ፖስተኛው ሥራውን በትክክል ሠርቶ ፖስታውን ለዚያ ቤት ያደርሳል። ለሕዝብ የሚታየው መከታተያ ደግሞ ከተማውንና ዚፕ ኮዱን እንጂ የቤቱን ቁጥር አያሳይም። የገበያው ኮምፒውተር ይህን አይቶ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ደርሷል» ብሎ ለሻጩ ይፈርድለታል። ተንኮሉ ያለው የኮምፒውተሩን ዓይን በማወቅ ላይ ነው።

በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄደች። አብሬያት ሄድኩ፣ ምክንያቱም ምን እንደምትጠይቅ ካላወቀች «ደርሷል ይላል» ብለው ይመልሷታል። «የት ሄደ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሌላ ሰው አድራሻ ስለሆነ አይነግሯችሁም። የሚጠየቀው «ይህ ቁጥር የተላከው ወደ እኔ አድራሻ ነበርን?» ተብሎ ነው። ሠራተኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ስክሪኑን አየች፣ መታወቂያውን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። «ይህ የእርስዎ አድራሻ አይደለም» አለች። ያችን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ጻፈችልን። ጎረቤቴ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ፣ ክብደቱ ከሚታይበት ገጽ ጋር ለገበያው ላከች። 190 ዶላሯ በ6ኛው ቀን ገባ። ጎረቤቴ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ያለችኝ «ለካ አልተሰረቅሁም፣ ከመጀመሪያውም አልተላከልኝም» ነው። የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ስትጠረጥር ሰንብታ ኖሮ ያ ነው የቆጫት።

ስለ ቅሬታ አጻጻፍ ትንሽ ልበል። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ በሰላምታ ነው የምንጀምረው፤ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» እንላለን። ከዚያ ችግራችንን፣ የልጆቻችንን ቁጥር፣ ይህን ገንዘብ እንዴት እንዳጠራቀምን እንዘረዝራለን። ፋይሉን የሚያየው ሠራተኛ፣ እኔ ነበርኩና አውቃለሁ፣ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። እንባችሁን የሚያስገባበት ሣጥን በፎርሙ ላይ የለውም። እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦ «ማስታወቂያው 16 ጊጋባይት ነው ይላል። የደረሰኝ 8 ጊጋባይት ነው። የሁለቱንም ፎቶ አያይዣለሁ። ሙሉ ገንዘቤ እንዲመለስልኝና የመመለሻ ተለጣፊ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ።» አለቀ። ተለጣፊው የሻጩ አድራሻና የፖስታ ክፍያው የታተመበት ወረቀት ነው።

ቅሬታውን ስትከፍቱ ምክንያት ምረጡ ይላችኋል። እዚህ ላይ በይሉኝታ የሚጎዳ ሰው አይቻለሁ። ሻጩን ላለማስቀየም ብሎ «ሐሳቤን ቀይሬ ነው» የሚለውን ይጫናል። ያንን ከተጫናችሁ ጥፋቱ የእናንተ ሆነ፤ ብዙ ጊዜ የመመለሻውን ፖስታ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ ሻጩም አልቀበልም ማለት ይችል ይሆናል። ዕቃው ከተጻፈው የተለየ ከሆነ «እንደተገለጸው አይደለም» የሚለውን ምረጡ። ያን ጊዜ የመመለሻውን ወጪ የሚሸከመው ሻጩ ነው። በተገላቢጦሹ ደግሞ ልኩ ያልሆነላችሁን ጫማ «የተበላሸ ነው» አትበሉ። ውሸት ከመሆኑም በላይ ገበያዎቹ ዕቃ የሚያመላልስ ገዢን መዝግበው ይይዛሉ፣ አንድ ቀን መለያችሁን ይዘጉታል።

ሻጮች የሚያመጧቸው ዘዴዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፣ ሌሎቹ የእርሱ ዘመዶች ናቸው። ቅሬታ እንደከፈታችሁ መልእክት ይመጣል፦ «እባክሽ እህቴ፣ ይህ ቅሬታ ሱቄን ይጎዳዋል። መጀመሪያ ዝጊልኝ፣ ገንዘብሽን ዛሬውኑ እልካለሁ።» የእኛ ሰው ሆዱ ይባባል፣ ቅሬታውን ይዘጋል። የተዘጋ ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ዳግም አይከፈትም። ገንዘብ ገብቶ በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ አንድም ነገር አትዝጉ። «ዕቃውን ያዙት፣ 30 ዶላር ልመልስ» ካለ ደግሞ ድርድር ነው፣ መርካቶን የምናውቅ ሰዎች ነን፣ የሚያዋጣችሁ ከሆነ ተቀበሉ። ነገር ግን ድርድሩ በገበያው መልእክት ሣጥን ውስጥ ይሁን። በዋትስአፕ የተባለ ነገር ለፋይሉ እንዳልተባለ ነው።

ስለ ቀኖቹ። ኢቤይ ላይ ዕቃው ከደረሰበት፣ ካልደረሰም ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ 30 ቀን አላችሁ። ሻጩ በ3 የሥራ ቀን ካልፈታው «ኢቤይ ይግባበት» የሚለውን መጫን የእናንተ ድርሻ ነው። ብዙ ሰው ቅሬታ ከፍቶ ይተኛል፤ እነርሱ ራሳቸው የሚመጡ ይመስለዋል። አማዞን ላይ ከሌላ ነጋዴ ለተገዛ ዕቃ ያለው ዋስትና ሰፋ ያለ ነው፤ ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን በኋላ እስከ 90 ቀን ነው። ነጋዴው ግን መጀመሪያ 48 ሰዓት ሊሰጠው ይገባል። ፔይፓል የተባለው የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት ከከፈላችሁበት ቀን አንሥቶ 180 ቀን ይሰጣል፤ ክርክሩን ከከፈታችሁ በኋላ ግን በ20 ቀን ውስጥ ወደ ይገባኛል ጥያቄ፣ ማለትም ፔይፓል ራሱ እንዲፈርድ ወደ መጠየቅ፣ ካላሳደጋችሁት በራሱ ይዘጋል። ከገበያ ውጭ በቀጥታ ከኩባንያ ድረ ገጽ የገዛችሁ ከሆነም ሕግ አለ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ሻጩ ቀን ካልቆረጠ በ30 ቀን ውስጥ ዕቃውን መላክ አለበት ይላል፤ ካልቻለ ይሁንታችሁን መጠየቅ ወይም ገንዘቡን መመለስ ግዴታው ነው።

የገንዘቡ መንገድ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፣ ስለዚህ ቆም ብዬ ልናገር። አንድ ሰው ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ሶፋ አየ እንበል። ሻጩ ስሙ ሐበሻ ነው። «አንተ የአገሬ ልጅ፣ በዜል ላክልኝ፣ አስቀምጥልሃለሁ» ይለዋል። ዜል ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ ገንዘብ የሚላክበት መንገድ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚሰጥ ብር ቁጠሩት። ባንኩ የሚጠይቃችሁ «ማን ላከው?» ብሎ ነው። እናንተ ራሳችሁ ከላካችሁት፣ ተታልላችሁም ቢሆን፣ በአብዛኛው አይመለስም። ሻጭ «በፔይፓል ላክ፣ ግን ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚለው» ካለም ያው ነው። በዚያኛው በር የገባ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ የለውም። ለምን እንደዚያ ይላል? ኮሚሽን እንዳይቆረጥበት ሊሆን ይችላል፣ ሊበላችሁም ይችላል፤ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ሶፋውን ሄዳችሁ አይታችሁ፣ ተቀምጣችሁበት፣ እዚያው ክፈሉ። አዲስ አበባ በቴሌግራም የሚገዙት እህቶቻችን ከእኛ ብልጥ ናቸው፤ ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ካርቶኑን ይከፍታሉ፣ ይሞክራሉ፣ ከዚያ ነው በቴሌብር የሚልኩለት።

ክሬዲት ካርድ ሌላ ነገር ነው። «ዕዳ ነው» ብላችሁ እንደምትፈሩት አውቃለሁ፤ አባቴም እንደዚያ ነበር። ከማያውቁት ሻጭ ለመግዛት ግን ከእርሱ የሚሻል መንገድ የለም። በፈረንጆች አቆጣጠር 1974 የወጣው ፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት የተባለው የፌዴራል ሕግ ያዘዛችሁት ዕቃ ሳይደርስ ሲቀር እንደ ሒሳብ ስሕተት ቆጥሮት እንድትከራከሩ ይፈቅዳል። ክፍያው ያለበት የመጀመሪያ የካርድ ሒሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ነው። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻው ደርሶኛል ማለት፣ ቢዘገይ በ90 ቀን መጨረስ አለበት። እስኪያልቅ ድረስ የተከራከራችሁበትን ገንዘብ አትከፍሉም፤ አልከፈለም ብሎ ስማችሁን ማጥፋትም አይችልም። «በጽሑፍ» ያልኩትን ልብ በሉ። ስልክ መደወል ጥሩ ነው፣ ቶሎ ይሠራላችኋል፤ ሕጋዊ መብታችሁን የሚጠብቅላችሁ ግን ደብዳቤው ነው። የሚላክበት አድራሻ ደግሞ ክፍያ ከምትልኩበት የተለየ ነው፤ ከመግለጫው ጀርባ ተጽፏል።

ዴቢት ካርድ ላይ ሕጉ ይሳሳል። በፈረንጆች አቆጣጠር 1978 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕግ በዋናነት የሚጠብቃችሁ ካርዳችሁን ሌላ ሰው ያለ ፈቃዳችሁ ሲጠቀምበት ነው። ዕቃ ባለመድረሱ የሚመለስላችሁ የቪዛና የማስተርካርድ የውስጥ ደንብ ስላለ ነው፤ ይህም በባንኩ ትጋት ይወሰናል። ከዚያም በላይ በክሬዲት ካርድ ክርክር እስኪያልቅ የጎደለው የባንኩ ገንዘብ ነው፤ በዴቢት የጎደለው የቤት ኪራያችሁ ነው።

ሁለቱን በሮች ግን በአንድ ጊዜ አታንኳኩ። በገበያው በኩል ቅሬታ ከፍታችሁ እያለ በባንክም ብትከፍቱ፣ ገበያው የራሱን ፋይል ይዘጋል። መጀመሪያ ገበያው፣ እምቢ ካለ ባንኩ። የባንኩን 60 ቀን ግን እየቆጠራችሁ።

ይህ ጽሑፍ እስራኤል ያሉ ዘመዶቼም ዘንድ ስለሚደርስ አንድ ነገር ልጨምር። የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ለመሰረዝ ይፈቅዳል። ለአዲስ ገቢ እስከ 5 ዓመት፣ ዕድሜያቸው 65 ለሞላና ለአካል ጉዳተኞች ደግሞ ከሻጩ ጋር ንግግር ወይም የጽሑፍ ምልልስ ከነበረ 4 ወር ይሰጣል። ቋንቋው ሳይገባቸው «ኬን፣ ኬን» (አዎ፣ አዎ) ብለው የፈረሙ እናቶች ስላሉን ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ያለ ምንም ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል። አሜሪካ ይህን የሚመስል አጠቃላይ ሕግ የለም፤ እዚህ የምትመኩት በገበያው ደንብና በካርዳችሁ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከአዳራሹ ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል ሁለቱን ልጻፍ። አንድ አባት «የገበያው ስልክ ቁጥር ጠፍቶብኝ በኢንተርኔት ፈልጌ ደወልኩ፤ ሰውየው ገንዘብህን ልመልስ መጀመሪያ የስጦታ ካርድ ግዛ አለኝ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ገዝተው ነበር። ገንዘብ የሚመልስ ሰው ገንዘብ አይጠይቅም። የገበያውን እርዳታ የምታገኙት በራሱ መተግበሪያ ውስጥ ገብታችሁ ከትእዛዛችሁ ስር ነው፤ ፈልጎ የተገኘ ቁጥር የማን እንደሆነ አይታወቅም። ካርዱን ያወጣውን ኩባንያ በዚያው ዕለት ደውለው እንዲያስቆሙ፣ ደረሰኙን እንዳይጥሉ ነገርኳቸው። ደረሰኙ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ አራት ቦታ ታጥፏል።

ሁለተኛዋ ከፊት የተቀመጡ እናት ናቸው። «ልጄ፣ እኔም ላፕቶፕ አለኝ፤ ለእንቁጣጣሽ የሚሄድ ሰው ይወስድልኛል ብዬ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ» አሉ።

«መቼ ደረሰ፣ እማማ?»

«ፍልሰታ ሊገባ ዋዜማው ላይ ነው። ሐምሌ 30።»

«ከኢቤይ ነው?»

ልጃቸውን ዞር ብለው አዩት፣ እርሱም ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ ተክለ ሃይማኖት ነው» አሉ፣ ጣታቸውን እያጠፉ። «24 ቀን ሆነው። ነሐሴ 30 ያበቃል ማለት ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉና ተነሡ። ልጃቸው «ምግብ ሊቀርብ ነው እኮ» ሲላቸው፣ «መቀስ መኪናው ውስጥ አለ ወይስ የለም?» ብለው ጠየቁት።